ከደሴ በጎማ የመጣ ንፋስ

በቀደም ጅቡቲ፣ አምቡሊ ሰፈር፣ በአየር ማረፊያው መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ቀኝ እግሩን የሚጎትት አንድ ሰው ከሩቅ ሲመጣ አየሁ። ረፋድ ነው፣ ፀሐዩ ገና አልከረረም። ሰውየው ወደ ሻይ ቤቷ ለመምጣት ዳር ይዞ በቆመ አንድ ተሳቢ አጠገብ ማለፍ ነበረበት። አላለፈም። መንገዱን ተሻገረ፣ ባዶው ሜዳ ላይ ዞረ፣ እንደገና ተሻግሮ መጣ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወደ መኪና ሲሄድ ነው ያየሁት። ከቆመ መኪና እንደሚናከስ ውሻ የሚሸሽ ሰው አይቼ አላውቅምና ነገሩ ገረመኝ። ሻዬን አስቀምጬ እያየሁት ቀረበ። አስተናጋጁ "አባት፣ ወንበር የለም፣ ትንሽ ይጠብቁ" ቢለው "አብሽር፣ እቆማለሁ" አለው። ያችን "አብሽር" የሚላት በአፍንጫው ነው። ፊቱን ሳላውቀው ድምፁን አወቅኩት።

"ሰይድ" አልኩ።

ዞር አለ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ጉንጩ ገብቷል። ትንሽ አየኝና "ጋሽ ይመር? በሕይወት አለህ?" አለኝ።

"እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር" አልኩት። ተሳሳቅን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን፣ ወንበሬን ሰጥቼው እኔ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ለዚህ ሰው የምነግረው ነገር ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ አልጋዬ ሥር በሩዝ ጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሁለት መዳፍ ስፋት ያላት የጎማ ቁራጭ ናት። ምን እንደሆነች ለመንገር ግን ወደ ኋላ መለስ ማለት አለብኝ። ዕድሜዬም ወደ ኋላ መሄዱን እንጂ ወደ ፊቱን ትቷል።

እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ ጠጋኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ለአቅመ ሥራ ስደርስ አሰብ ወረድኩና ጎማ መፍታት ለመድኩ። በኋላ ያ መንገድ ተዘጋ። እንዴትና ለምን የሚለውን የሚያውቁ ይጻፉት፣ እኔ የማውቀው አንድ ሰሞን መኪናው ሁሉ አፉን ወደ ጅቡቲ ማዞሩን ነው። ጎማው ከዞረ እኔ ምን ቀረኝ? ጎማ መፈልቀቂያ ሌቫዬን፣ መዶሻዬንና አንድ ክሪክ ይዤ ተከተልኩት። ፔካ 12፣ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የጭነት መኪኖች ማረፊያ፣ ያን ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሜዳ ነበር፣ ድንጋይ፣ ፍየል፣ ከፍየሉ መሀል መኪና። አንዲት የዛገች ኮንቴይነር ተከራየሁ፣ በሯ ላይ አሮጌ ጎማ ሰቀልኩ፣ አለቀ፣ ጋራዥ ሆነች። ሻይ በሠላሳ ፍራንክ ነበር። ረጅሙን የፈረንጅ ዳቦ ሾፌሮቹ በብብታቸው ሸጉጠው ይዞሩ ነበር። ሱሪያቸውን የጋላፊን ድንበር እንዳለፉ አውልቀው ሽርጥ ያገለድማሉ። ደሴ ላይ የለበሱት ጋቢ ግን ከወንበሩ ኋላ እንደተጠቀለለ ነው፣ እኔም ጎማ ሳይ ዓይኔ እሱ ላይ ይውላል። ያ ጋቢ ትናንት ማታ ብርድ አይቷል እኮ፣ እላለሁ በሆዴ። የአምባሰል ዜማ የሞላበት ካሴት ከየጋቢናው ይሰማል፣ ሙቀቱ ክሩን አልፈስፍሶት ዘፋኙ ሁሉ እንደ ሰካራም ድምፁን ይጎትታል። አሁን ዘፈኑ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ ሙቀት አያልፈሰፍሰውም። ይህም ጎደሎ ነው መሰለኝ።

ሥራዬን እወደው ነበር። በተለይ ባላንሱን። ዛሬ ባላንስ የሚያደርግ ማሽን አለ፣ ጎማውን ሰቅለህ ቁልፍ ስትጫን ያሽከረክርና የጎደለውን በቁጥር ይነግርሃል። እኛ በእጅ ነበር። የፊቱን ጎማ በክሪክ ከመሬት ታነሣለህ፣ ቀስ አድርገህ በእጅህ ታሽከረክረዋለህ፣ ከዚያ ትተወዋለህ። እሱ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይደክመዋል፣ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዝና ይቆማል። ሲቆም የከበደው ጎኑ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። እንደ ሰው ነው፣ የከበደው ነገር ወደ ታች ያወርደዋል። አናቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርግና እዚያ ቸርኬው ጠርዝ ላይ እርሳስ ትመታለታለህ፤ ያ ለስላሳ ብረት ማለቴ ነው። እንደገና ታሽከረክራለህ። በፈለገው ቦታ መቆም ሲጀምር፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፣ ያን ጊዜ ተስተካክሏል ማለት ነው። ሾፌሩ በማግሥቱ "መሪው እጄ ላይ ተኛ" ሲልህ ደመወዝ ነው። ሰይድ ከሌላ ሰው ጋር ባላንስ አያሠራም ነበር። ከኮምቦልቻ እስከ እኔ ድረስ መሪው እየተንቀጠቀጠ ይመጣል እንጂ ሌላ ሰው አያስነካም።

አሁን ወደ ንፋሱ ልምጣ።

አገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህ ካምሲን የሚሉት ንፋስ ይነሣል። ከእቶን አፍ የሚወጣ ነው የሚመስለው፣ አሸዋ ይዞ፣ ዓይን የሚጠብስ። ልክ ደሴ ጉም ተኝቶባት ሰው በካፖርት በሚሄድበት ወር። ታዲያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የአንድ መኪና ጎማ ሙቀት ወጥሮት ሾፌሩ "ትንሽ አስተንፍስልኝ፣ እንዳይፈነዳ" አለኝ። ይህ የሁሉም ልማድ ነበር። ደጋ ላይ ያስነፉት ጎማ ቆላ ወርዶ ሲግል ይወጠራል፣ በመዶሻ ብትመታው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ስለዚህ ፔካ 12 ሲደርሱ ንፋስ ማስቀነስ ነው። አባቶቻችን አሰብ ላይ ያደረጉት፣ እኛም ያደረግነው። ቫልቮላውን ተጫንኩ። የወጣው ንፋስ ፊቴን ሲመታኝ ቀዝቃዛ ነው! ጎማው እጅ ያቃጥላል፣ ከውስጡ የሚወጣው ግን ቀዝቃዛ ነው። ለምን? እስከዛሬ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም፣ ታምቆ የኖረ ንፋስ ሲለቀቅ ይበርዳል ይሉኛል። ያን ቀን ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ነው የመጣልኝ።

"የት ነው ያስነፋኸው?" አልኩት።

"ደሴ።"

ፊቴን ቫልቮላው ላይ ደፍቼ ቀረሁ። የጎማ ሽታ ነበረው፣ አዎ፣ ሽታውን አልክድም። ከሽታው ሥር ግን የጦሳ ንፋስ አለ ብዬ አመንኩ። እስቲ አስቡት፣ ያ ንፋስ ከተራራው ወርዶ፣ በኮምፕሬሰር ተጠምዶ፣ ጎማ ውስጥ ገብቶ፣ ባቲን፣ ሚሌን፣ ጋላፊን ሳያይ እየተንከባለለ አልፎ፣ እኔ ፊት ላይ ነው የተለቀቀው። እኔ ደሴን ካየሁ ዘጠኝ ክረምት ሆኖኛል። ንፋሱ ግን መጣልኝ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ሾፌር ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "የትኛው ጎማ ደሴ ተነፋ?" ነው። አጠገቤ ሻይ የምትሸጥ ዘነቡ የምትባል የወሎ ሴት ነበረች፣ አንደበቷ መላጫ ነው። ቀትር ላይ ጫቱ ደርሶ ከተማው ሁሉ ጉንጩን ሲወጥር፣ እኔ ጎማ ሥር ተንበርክኬ ታየኛለች።

"እዩት! ዓለም ጫት ይቅማል፣ ጋሽ ይመር ንፋስ ይቅማል!"

"ቅመሽ እዪው፣ የአገርሽ ነው" እላታለሁ።

"ለእኔ የአገሬን በርበሬ ላኩልኝ። ንፋስ ምን ይሆነኛል፣ ወጥ አይሠራ።"

ሾፌሮቹ ይስቁ ነበር፣ ግን ወደዱልኝ። "ለጋሽ ይመር" ብለው ሆን ብለው ደሴ ላይ የሚያስነፉ ነበሩ። ከሁሉም የበለጠው ሰይድ ነው። እሱ ጭራሽ አንዱን ጎማ ለእኔ ሰጠኝ፣ ቀኝ ፊቱን። "የቀኝ ፊቱ ያንተ ነው ጋሼ፣ ፒያሳ ዳገቱ ላይ ነው ያስነፋሁት፣ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሣ" ይለኛል። ሰው ማር ይልካል፣ ቅቤ ይልካል። ለእኔ ንፋስ ይላክልኝ ነበር። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር መቼም ልናገረው አልችልም።

ያ ቀን ካምሲኑ የጠናበት ነበር። ሰይድ ባዶውን ወርዶ ማግሥቱን ማዳበሪያ ሊጭን ነው። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ሽርጡ በላብ ተጣብቋል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ልዩ ነው የመጣልህ። በረዶ ጥሎ ባደረበት ጠዋት የተነፋ ነው።"

"በረዶ? ደሴ?"

"ወላሂ! መሬቱ ነጭ ነበር።"

ሁሉንም ጎማ በየተራ ትንሽ ትንሽ አስተነፈስኩ። ቀኝ ፊቱ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ፊቴን ደፋሁ። ከሌሎቹ አስረዘምኩት። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፣ መለኪያ አልነበረኝም፣ መለኪያዬ መዶሻና ጆሮ ነው። ዘነቡ "ኧረ ጋሽ ይመር፣ ለቀሪው ሰው ተውለት!" ስትል ትዝ ይለኛል። ሰይድም ሳቀና "ይጠጣ፣ ተዪው፣ ነገ ሳምንት ሌላ አመጣለታለሁ" አላት። በማግሥቱ ጭኖ ወጣ። በዕለቱ ዲኪልን አልፎ መኪናው ተገለበጠ።

እግሩ ተሰበረ፣ ጭንቅላቱ ተመታ፣ ራሱን ሲያውቅ ሆስፒታል ነው። ምን እንደሆነ አያስታውስም። የመኪናው ባለቤት "ተኝተህ ነው" አለው። መንገድ ላይ ያዩትም "ቀጥ ባለ መንገድ ምን ይገለብጠዋል? ተኝቶ ነው" አሉ። እሱም አላስታውስም ማለቱ እንደ ማመን ተቆጠረና ወደ ኮምቦልቻ ወሰዱት። እኔ ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እርሳሴን ነው። ባላንሱን ያስተካከልኩበት እርሳስ ወልቆ ይሆን? ሌሊት ሌሊት እርሳሱን ስመታ ድምፁ ይሰማኝ ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሾፌር የተረፈውን ቀኝ ፊት ጎማ ከነቸርኬው ይዞልኝ መጣ፣ "ቸርኬው ይቃና እንደሆን እይልን" ብሎ። ዓይኔ ወዲያው ጠርዙ ላይ ሄደ። እርሳሱ አለ። እንደመታሁት አለ። እፎይ አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ ሰውየው እግሩን አጥቶ ሊሆን ይችላል፣ እኔ እፎይ አልኩ። ታዲያ ካልወለቀ ምንድን ነው? እንቅልፍ ነው ብዬ እንዳልተው ጎማው አላስቻለኝም። አንድ ነገር ነበረበት። ጎኑ ላይ ዙሪያውን፣ ልክ ቀበቶ እንደታጠቀ፣ ተሰንጥቋል። ውስጡን በጣቴ ስነካው ጥቁር ዱቄት ወጣ። ሚስማር የበላው ጎማ አውቃለሁ፣ ድንጋይ የቀደደው አውቃለሁ፣ ያረጀ አውቃለሁ። ዱቄት የሆነ ግን ምን በላው?

ከተማ ውስጥ ዋይስ የሚባል የአገሩ ሰው ነበር፣ ሽማግሌ ሱማሌ፣ ወጣትነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ፣ አማርኛው ከእኔ የፈጠነ። ከፈረንጆች ጋር የጎማ ሥራ የሠራ ሰው ነው፣ ያን ጊዜ ባላንስ ማሽን የነበረውም እሱ ነው። ጎማውን በጋሪ ጭኜ ወሰድኩለት። መነጽሩን አደረገ፣ እጁን ውስጡ ከቶ እንደ ሐኪም ዳበሰ።

"ዋርያ ይመር፣ ጎማ በምን ይሞታል?"

"በሚስማር።"

"ሌላስ?"

"በድንጋይ። በእርጅና።"

"ሌላስ?"

"እንጃ።"

"በረሃብ ይሞታል። ይሄ በረሃብ ነው የሞተው።" ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አውጥቶ ሰጠኝ። "እጠፈው። መልሰው። እጠፈው።" ስመላልሰው ሽቦው እጄ ላይ ጋለ፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። "ንፋስ ያነሰው ጎማ ጭነት ሲወጣበት በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ ይታጠፋል። ራሱን በራሱ አግሎ ይፈጫል። ዱቄቱ እሱ ነው።" መነጽሩን አወለቀና፣ ምንም ሳያውቅ፣ እንዲሁ እንደ ቀልድ፣ "የዚህን ድሃ ንፋስ ማን በላው?" አለኝ።

የዘነቡ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሙሉ በሙሉ ግን አላመንኩም፣ ወይም ማመን አልፈለግኩም። ዋይስ የንፋስ መለኪያ አዋሰኝና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ ኀዘን ውስጥ ብሆንም፣ እንደዚያ የጓጓሁበት ጊዜ የለም። አንድ ጎማ ነፋሁና ኮንቴይነሬ ፊት አቆምኩ፣ ማንም እንዳይነካው። ጎህ ሲቀድ ለካሁ። ቁጥሩን ከመጻፍ ይልቅ ኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ መስመር በጠመኔ አሰመርኩ። እኩለ ቀን ለካሁ፤ መስመሩ ከፍ አለ። ማንም ሳይጨምርበት! ሲመሽ ለካሁ፤ ወረደ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ልክ የትናንቱ መስመር ላይ ነው። ንፋሱ አልበዛም ለካ፣ ሞቆት ተንጠራርቶ ነው እንጂ። ቀጥሎ በሌላ ጎማ እንደ ልማዳችን እኩለ ቀን ላይ አስተነፈስኩ። በማግሥቱ ጠዋት መስመሩ ከሁሉም በታች ወረደ። ማታ ሲበርድ የሚያስፈልገውን ንፋስ እኛ ቀን እየነጠቅን፣ ንፋስ ያነሰው ጎማ ላይ ጭነት እየጫንን ነበር የምንሸኛቸው። ዘነቡ መጥታ ግድግዳውን ታየዋለች፣ "ምንድን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ልትስል ነው?" ትላለች። ጎህ ሲቀድ ቀዝቃዛ ጎማ እንጂ የጋለ ጎማ አይለካም፣ አይቀነስም። ይህን ከግድግዳዬ ተማርኩ። ዋጋውን ግን ከሰይድ እግር ነው የተማርኩት።

ከዚያ ወዲያ ንፋስ ማስተንፈስ ተውኩ። ሾፌሮቹ ተቆጡ፣ "ጋሽ ይመር ሰነፈ፣ ለንፋስ እንኳ ጉልበት አጣ" ብለው ወደ ጎረቤቴ ሄዱ። እሱ ያስተነፍስላቸዋል። አንዳንዱን ግድግዳዬን አሳይቼ አሳመንኩ፣ አንዳንዱ "አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን!" ብሎ ሄደ። ዘነቡም ኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ ልትሰናበተኝ ስትመጣ አንድ ፌስታል በርበሬ ሰጠችኝ፣ "ይሄ አይተንም" ብላ።

ለሰይድ ግን ምን አደረግኩ? ከተቀደደው ጎማ ቁራጭ ቆርጬ አስቀመጥኩ። በአንድ የኮምቦልቻ ሾፌር "የጎማውን ነገር ልነግርህ እፈልጋለሁ" ብዬ ላኩበት። መልሱ "የመኪና ወሬ አትንገሩኝ ብሏል" የሚል ነበር። አውቶቡስ ነበረ፣ መንገድም ነበረ፤ ሄጄ ልነግረው እችል ነበር። መልሱን ስሰማ ግን ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ቀለለኝ። ይህን ነው የማፍርበት። "ራሱ አልሰማም አለ" ብዬ ቁራጯን አልጋዬ ሥር ከተትኳት። መቼም አልጋ ሥር የተቀመጠ ነገር የለም አይባልም። ፔካ 12ን ጉልበቴ ሲደክም ትቼ አምቡሊ ስገባም ይዣት ነው የገባሁት።

እንግዲህ ወደ ሻይ ቤቷ እንመለስ።

"ምን እግር ጣለህ?" አልኩት ሰይድን።

"ሐያትን ልወስድ ነው፣ ልጄን። የመን ነበረች። እዚያ ሲታመስ በጀልባ ወጥታ እዚህ ሰዎች ቤት ተጠግታ ከረመች። በጓደኛዬ ልጅ መኪና ነው የመጣሁት። ከሚሌ ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ።"

እሱ ይህን ሲለኝ ልጁ መጣች፣ ቀጭን ሴት፣ ደረቷ ላይ የወራት ልጅ ታቅፋ። ከረጢቷ ከትከሻዋ ሲንሸራተት "አባዬ፣ አንዴ ያዝልኝ" ብላ ሕፃኑን ዘረጋችለት። ሰይድ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ። እንደዚያ ነው ያደረገው፣ እጁን እንደ ተማሪ ወደ ኋላ።

"አይሆንም ልጄ፣ አስቀምጪው።"

"የት ላስቀምጠው፣ መሬት?"

እኔ ተቀበልኳት። ሕፃኑ ሞቃት ነበር፣ የወተት ሽታ አለው።

"ለምን?" አልኩት ሰይድን።

ሻዩን እያየ መለሰልኝ። "ጋሼ፣ እኔ እንቅልፍ ሳይነግረኝ የሚወስደኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ታቅፌ አላውቅም። ታናናሾቿንም አላቀፍኩም። እሳት አጠገብ ብቻዬን አልቀመጥም። እጄ ላይ ያለ ነገር መቼ እንደሚወድቅ አላውቅማ።"

እኔ እግሩን ብቻ ነበር የቆጠርኩት። ይህን አልቆጠርኩም።

"ተነሡ፣ ቤቴ ቅርብ ነው" አልኳቸው።

ክፍሌ ጠባብ ናት። ሐያትን አልጋው ላይ አስቀመጥኳት፣ ተንበርክኬ ጆንያውን ጎተትኩ። ቁራጯን አውጥቼ ሰጠሁት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ እርሳሱን፣ ዱቄቱን፣ ሽቦውን፣ ግድግዳውን። በመጨረሻም "ከሌሎቹ አስረዝሜ ያስተነፈስኩት ቀኝ ፊቱን ነው። ደስ ስላለኝ" አልኩት።

ጣቱን ቁራጯ ውስጥ አሸት አደረገ። ጥቁሩ ዱቄት ዛሬም ይወጣል።

"ይሄ የኔ ጎማ ነው?"

"ያንተ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት አልጋህ ሥር?"

"አልጋዬ ሥር።"

ተነሥቶ ወጣ። እግሩን እየጎተተ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማኛል። ሐያት አየችኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ይቆጣ፣ ይስደበኝ፣ መብቱ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። ከመገልበጡ በፊት መሪው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲጎትተኝ ትዝ ይለኛል። እየታገልኩት። ይሄን ለሰው ስናገር 'ሕልምህ ነው፣ ተኝተህ ያየኸው ነው' አሉኝ። እኔም ሕልም ነው ብዬ ተውኩት።"

"ሰይድ፣ ቀኝ ፊቱ ንፋስ ሲያንሰው መሪው ወደ ቀኝ ነው የሚጎትተው። ወደ ሌላ አይደለም። የተኛ ሰው ደግሞ መሪ አይታገልም።"

"እንግዲያስ ነቅቼ ነበር።"

"ነቅተህ ነበር።"

"ነቅቼ ነበር" አለ እንደገና፣ ለእኔ ሳይሆን። ከዚያ ቁጭ አለና፣ "ንፋሱ እንዴት ነበር ያን ቀን? በረዶ የጣለበት ጠዋት ያስነፋሁት" አለኝ።

"ቀዝቃዛ ነበር።"

"ይሁን" አለ። ይቅር አልኩህ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት ልሸኛቸው ፔካ 12 ድረስ ሄድኩ። የኔ ኮንቴይነር የነበረችበት ቦታ ዛሬ የስልክ ካርድ ይሸጥበታል። ባቡሩ ከመጣ ወዲህ መኪናው ቀነሰ ይላሉ፣ ለእኔ ዓይን ግን ያው ሰልፍ ነው። የጓደኛው ልጅ ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ ሲዞር ቆየና "ቀኝ ፊቱ ተወጥሯል፣ ፀሐዩ ሳይጠና ትንሽ ላስተንፍሰው" ብሎ ጎንበስ አለ።

"አትንካው!" አለ ሰይድ። ሾፌሩ ደነገጠ። ሰይድ ጎማው አጠገብ ሄደ፣ ያ ከመኪና የሚሸሽ ሰው፣ መዳፉን ጎማው ላይ አሳረፈና እንደ በቅሎ ደረት መታ መታ አደረገው። "ልኩ ነው። ሲመሽ ይበርድለታል።"

ሐያት መጀመሪያ ወጣች፣ ሕፃኑ እኔ እጅ ላይ ነው። ሰይድ እግሩን እየጎተተ ወጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ወደ መስኮቱ አነሣሁለት። እጁን አየ። ከዚያ ዘረጋ። ተቀበለውና ደረቱ ላይ አስጠጋው፣ ሁለት ክንዱን አጥብቆ፣ እንደ መሪ። ዓይኖቹ ፈጥጠው ነበር፣ እስከ ጋላፊ እንኳን አይጨፍናቸውም።

መኪናው ፍሬኑን ሲለቅ ንፋሱ ፍስስ አለ። የፍሬን ንፋስ ነው፣ ሞቃት፣ ዘይት ዘይት የሚሸት፣ የትም አገር ያልተነፋ። እኔ ግን ሳላስበው ፊቴን ወደዚያ አዞርኩ። ሰይድ ከመስኮቱ አይቶኝ ሳቀ፣ የድሮውን ሳቅ።

"ጋሽ ይመር! ከደሴ ልላክልህ?"

"አትላክ!" አልኩት። "ጎማው ውስጥ ይቀመጥ!"